የእንግሊዝኛ ማመልከቻ በደሴ ማስጻፍ፦ ስለ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት

ባለፈው ወር የእኅቴን ልጅ የሥራ ማመልከቻና ሲቪ በእንግሊዝኛ ለማስጻፍ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ነበር። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ያስጻፍነው ማመልከቻ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በትልልቅ ፊደላት ብቻ ተጽፎ መጥቶ፣ ልጅቱም ነገሩን ሳታስተውል ፈርማ ልታስገባው ደርሳ ነበር። የስሕተቱ ምንጭ ይገባኛል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መለያ ስለሌለው፣ የከተማዋ ስም «ደሴ» እና ተራው ቃል «ደስታ» በአንድ ዐይነት «ደ» ይጀምራሉ፤ ዐይናችንም ልዩነቱን መፈለግ አልለመደም።

በዚህኛው ቤት የምትጽፈው ወጣት ረቂቁን ተቀብላ፣ እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ከመስደዷ በፊት እስከ መጨረሻው አነበበችው። «አብሽሩ ጋሼ፣ ስሞቹን ለይቼ ነው የምጽፈው» አለችኝ፤ እንዳለችውም አደረገች። የዐረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ የሰውና የቦታ ስም፣ የቀናትና የወራት ስም እንዲሁም «እኔ» ማለት የሆነው ባለ አንድ ፊደል ቃል በትልቅ ፊደል ተጽፈዋል። እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ብዙዎች የሚሳሳቱባቸውን ረቂቅ ቦታዎች ማወቋ ነው። «ወሎ ዩኒቨርሲቲ» ሙሉ መጠሪያ ሲሆን ሁለቱም ቃላት በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ «በዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ» ሲባል ግን ቃሉ ተራ ስም ነውና ትንሽ ይሆናል። «ደቡብ ወሎ» የዞን ስም ስለሆነ «ደቡብ» በትልቅ ይጀምራል፤ ከከተማው በስተደቡብ ለማለት ሲፈለግ ግን በትንሹ ይጻፋል። እኛ በረቂቁ ላይ በትልቅ ፊደል የጀመርነውን «ክረምት» የሚለውን ቃልም፣ የወቅቶች ስም እንደ ወራት ስም እንደማይታይ ነግራኝ አስተካክላዋለች።

የቀድሞውን ማመልከቻ በፍላሽ ይዤ ስለነበር እርሱን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋት። ወርድ በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን መርጦ ሺፍትን ከኤፍ 3 ጋር በመጫን ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ስሞቹም አብረው ስለሚያንሱ በእጅ አንድ በአንድ መልቀም ግድ ነው። አዲስ መጻፉን መረጥን። የእኅቴ ልጅ ልትሞላው ያመጣችው ቅጽ ግን በትልልቅ ፊደላት ብቻ እንዲሞላ ስለሚያዝ እንደዚያው ተሞልቷል፤ በዚያ ቦታ ትክክሉም እርሱ ነው።

የአማርኛ ጽሑፋቸውም ንጹሕ ነው። የአማርኛው ድምፅ በሚመስለው የእንግሊዝኛ ፊደል ቁልፍ በሚጻፍባቸው ብዙ የፊደል ገበታዎች ላይ ሺፍት ፊደልን አያተልቅም፤ «ት»ን ወደ «ጥ»፣ «ን»ን ወደ «ኝ» ይለውጣል እንጂ። ስለዚህ ካፕስ ሎክን ከፍቶ የረሳ ጸሐፊ ቃሉን ራሱን ያበላሻል፤ በወሰድኋቸው 4 ገጾች ውስጥ እንዲህ ያለ ግድፈት አላገኘሁም።

ዋጋቸው በአካባቢው ካለው አይለይም፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። አንድ ጉድለት አይቻለሁ። ከከሚሴ የመጡ አንድ አባት በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ባስጻፉት የኦሮምኛ ደብዳቤ ላይ፣ በሁለት ፊደላት ጥምረት የሚጻፈው የ«ዸ» ድምፅ በስም መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ሁለቱም ፊደላት ትልቅ ሆነው ነበር፤ ትልቅ መሆን ያለበት የመጀመሪያው ብቻ ነው። በቁቤ የምታስጽፉ ሰዎች ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ስሞቹን ስክሪኑ ላይ እንድታዩአቸው እመክራለሁ።