ለኮንትራክተሩ ሙሉ ከፍያለሁ ብላችሁ አትዘናጉ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት የምታሳድሱ ሁሉ እባካችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ሎስ አንጀለስ ያለው ቤታችን ጣሪያው ያፈስ ስለነበር አስቀየርነው። ለኮንትራክተሩ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፈልን፤ እሱም ሊን፣ ማለትም ላልተከፈለ ሒሳብ ቤት ላይ የሚመዘገብ የመያዣ መብት፣ አላስመዘግብም ብሎ ፈርሞ ሰጠን። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። የጣሪያውን ዕቃ ያቀረበው ድርጅት ላልተከፈለው ሒሳብ ቤታችን ላይ ሊን አስመዝግቧል። ኮንትራክተሩ የኛን ብር ተቀብሎ ለነሱ አልሰጠም። ስልክም አያነሳም።

"ፈርሞልን የለም እንዴ?" አልን። የፈረመው ግን የራሱን መብት ብቻ ነው የሚያስቀረው። ዕቃ ያቀረበውም ሆነ በሥሩ የሠራው ሳብ ኮንትራክተር የየራሳቸው መብት አላቸው፣ ስለዚህ በየስማቸው መፈረም ነበረባቸው።

በጣም የሚቆጨኝ ሥራው በተጀመረ ሰሞን ከዚያው ድርጅት በፖስታ የመጣው ወረቀት ነው። ከፒዛ ማስታወቂያዎች ጋር የኩሽና መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ነበር። በኋላ አውጥቼ ሳነበው፣ ለኮንትራክተርህ ሙሉ በሙሉ ከፍለህ እንኳ እኛ ካልተከፈለን ቤትህ ላይ ሊን ሊመጣ ይችላል ይላል። በትልልቅ ፊደል! እንዲህ ያለ ወረቀት ከመጣላችሁ የላከውን ሰው ስም መዝግቡ።

ከዚያ በየክፍያው፣ ቼኩን ከመስጠታችሁ በፊት፣ ከኮንትራክተሩም ወረቀት ከላከው ሁሉም ኮንዲሽናል ዌቨር አስፈርሙ። ይሄ "ገንዘቡ ሲደርሰኝ መብቴን እተዋለሁ" የሚል ነው። ቼኩ ከባንክ ከወጣ በኋላ ደግሞ አንኮንዲሽናሉን ተቀበሉ። እሱ ቅድመ ሁኔታ የለውም፣ ከተፈረመ አለቀ። ለመሃል ክፍያና ለመጨረሻው ክፍያ ቅጹ ይለያያል፤ አራቱንም ሕጉ ራሱ አዘጋጅቷቸዋል፣ ስለዚህ ኮንትራክተሩ ከቤቱ ጽፎ ያመጣውን እሺ አትበሉ። የመሃል ክፍያው ቅጽ ላይ እስከ ስንት ቀን የተሠራውን ሥራ እንደሚሸፍን የተጻፈውን ቀን እዩት፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አይሸፍንም። ጥርጣሬ ካላችሁም ቼኩን በኮንትራክተሩና በዕቃ አቅራቢው በሁለቱም ስም ጻፉት።

በሳብነት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ "ፈርምና ነገ እከፍልሃለሁ" ሲሏችሁ አንኮንዲሽናል እንዳትፈርሙ። ሳይከፈላችሁም ቢሆን ይጸናባችኋል።

እኛ ለአቅራቢው ድጋሚ ከፍለን ነው ሊኑን ያስነሳነው። እናንተ ላይ ከደረሰ ግን ለመክፈል አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ የተመዘገበበትን ቀን እዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ ሊኑን ያስመዘገቡት ፍርድ ቤት ክስ ካልመሠረቱ ሊኑ አይጸናም። ወረቀቱን ይዛችሁ ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ሂዱ።