ብቻዬን ወይስ ከጎረቤቴ ጋር?

በእምነቴ ለማደግ ለብቻ መጸለይንም፣ ለጎረቤቴ ስለ ክርስቶስ መናገርንም ሞክሬያለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ለብቻ መጸለይ ልብን ይሰበስባል። ማንም ስለማይሰማኝ የማፍርበትን ሁሉ ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ። ችግሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብ ያልገባኝን ጥቅስ ዘልዬ አልፋለሁ፤ የሚጠይቀኝ የለማ!

ቡና ላይ ለጎረቤቴ ስለ ክርስቶስ ስናገር ግን መዝለል የለም። አንድ ቀን ሲኒዋን አስቀምጣ «ታዲያ ልጄ ሲሞት የት ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አብሬያት አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን ማታ መጽሐፍ ቅዱሴን አጥብቄ ይዤ አላውቅም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። የገባው ግን ፊልጶስ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያስረዳው ነው።

ለጀማሪ የማለዳውን ጸሎት አስቀድማለሁ። እኔን ግን ከድንዛዜ ያወጣኝ የጎረቤቴ ቡና ነው።