በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያና አካባቢው የቤት ማሞቂያ ላስቸገራችሁ፦ ምስጋናና ጥቆማ

የጃንዋሪ ወር የመብራት ሂሳብ ትናንት መጣ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያም የአምናውን ፈልጌ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አምና በዚሁ ወር 3,420 ኪሎዋት ሰዓት ፈጅተን 481 ዶላር ከፍለን ነበር። ዘንድሮ 1,760 ኪሎዋት ሰዓት፣ 252 ዶላር። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ የምንኖርበትም ያው አራት ሰዎች ነን፤ ብርዱም ቢሆን ዘንድሮ የራራልን አይመስለኝም። የተለወጠው ነገር አንድ ነው። በዲሴምበር መጀመሪያ አንድ ማሞቂያ የሚጠግን ወንድማችን መጥቶ፣ ዓመታት ግድግዳችን ላይ ተለጥፋ ከኖረችው የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ከቴርሞስታቷ ጋር አስተዋወቀን። ይህ ምስጋና የእሱ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ቤታችን ጋዝ የለውም። በብርዱ ወራት የሚያሞቀን፣ በሙቀቱ ወራት የሚያቀዘቅዝልን ሂት ፓምፕ የሚባለው፣ ግማሹ ውጭ ግማሹ ምድር ቤት የተቀመጠ ማሽን ነው። አምና በረዶ በጣለ ማግስት ማለዳ እናቴ «ተነሽ፣ ቤቱ ሊቃጠል ነው!» ብላ ቀሰቀሰችኝ። በመስኮት ሳይ ውጭ ያለው ማሽን ማራገቢያው ቆሞ ነጭ ጢስ ይተፋል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ለአንድ የጥገና ድርጅት ደወልኩ፤ ስሙን መጥቀስ አልፈልግም። ስልኩን ያነሳችው ሴት ቴርሞስታቱን «ኢመርጀንሲ ሂት» (የአደጋ ጊዜ ማሞቂያ) የሚለው ላይ እንዳደርግና ሰው እስኪመጣ እንድጠብቅ ነገረችኝ። ሰውየው በሁለተኛው ቀን መጣ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ዞር ዞር ብሎ አየና ማሽኑ አርጅቷል፣ የውጩም የውስጡም ይቀየር፣ 11,800 ዶላር ብሎ ወረቀት ሰጥቶን ሄደ።

ያን ያህል ገንዘብ ከየት ይመጣል? ቤቱ ደግሞ ይሞቃል። «እስኪሞት ድረስ ይሥራ» ብለን ተውነው። በሙቀቱ ወራት ወደ ማቀዝቀዣው አዞርነው፤ ብርዱ ሲመለስ «የማሞቂያው ክፍል ሞቷል ተብለናል» ብለን እዚያችው ኢመርጀንሲ ላይ መለስነው። ሂሳቡ ሲያሻቅብ ጥፋቱን በመብራት ዋጋ፣ በልጄ ረጅም የሻወር ቆይታና በእናቴ ምጣድ ላይ ስናላክክ ከረምን።

ወንድማችንን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ከቀጠሮው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ መጣ፤ እንደሚዘገይ ግን አስቀድሞ ደውሎ ነግሮኝ ነበር። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። እናቴ በዚህ ብቻ ልቧ ረጋ። «ልጄ፣ መጀመሪያ አረፍ በል፣ ቡና ላፍላ» አለችው። «እማማ፣ ቡናውን በኋላ እጠጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ እርስዎ ይንገሩኝ» አላት። እኔ ወረቀቱን ይዤ ለማስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ የጠየቀው ግን ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለውንና ቁልፉን የምትነካውን ሰው ነው።

እናቴም ሳትደብቅ ተናዘዘች። ሲበርዳት ቶሎ እንዲሞቅ ወደ 85 ዲግሪ ፋራናይት ታወጣዋለች፤ ላብ ሲያጠምቃት ትዘጋዋለች፤ ሲበርዳት እንደገና 85። አልሳቀባትም። ቀጥሎ የጠየቀን ጥያቄ ግን የመጀመሪያው ሰው ሊጠይቀን ይገባ የነበረ ነው፦ «ባለፈው የሙቀት ወራት ያቀዘቅዝላችሁ ነበር?» አዎ፣ ልክ እንደ ፍሪጅ። «እንግዲያውስ ሞቷል ከማለታችን በፊት እንመርምረው፤ የሚያቀዘቅዘውም የሚያሞቀውም ያው አንድ ማሽን ነው» አለና የእጅ ባትሪውንና ቴስተሩን ይዞ ወጣ።

አንድ ሰዓት ያህል ውጭና ምድር ቤት ሲመላለስ ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ቴርሞስታቷን ከኢመርጀንሲ ወደ ተራው «ሂት» አዞራት። ውጭ ያለው ማራገቢያ መሽከርከር ጀመረ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከወለሉ ቀዳዳ የሚወጣው አየር ላይ እጄን እንዳሳርፍ ነገረኝ። እንደ ድሮው የሚፋጅ አይደለም፤ ለዘብ ያለ ሙቀት ነው። «ይህን ነው የምትለምዱት። ማሽኑ ቀስ ብሎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፤ እንደዚያ ነው የተፈጠረው» አለኝ። ማሽኑ ጤነኛ ነበር።

ታዲያ ዓመት ሙሉ ሲያሞቀን የነበረው ምንድን ነው? ምድር ቤት ባለው ሳጥን ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የሚግሉ ሽቦዎች አሉ። ለመጠባበቂያ የተቀመጡ ናቸው፤ ማሽኑ ሲበላሽ ወይም ብርዱ ከአቅሙ በላይ ሲሆን የሚያግዙ። የእኛዎቹ አሥር ኪሎዋት ይጎትታሉ። እሱ ግን ለእናቴ ኪሎዋት ብሎ አልነገራትም። «እማማ፣ አገር ቤት የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይፈጃል። እርስዎ ዓመት ሙሉ ሦስት ምጣድ ጥደው፣ እንጀራ ሳይጋግሩ ቤት ሲያሞቁ ነው የኖሩት» አላት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። ያን ዕለት ማታ ለጎረቤት ሁሉ የተናገረችው ይህንኑ ነው።

ሂት ፓምፑ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከውጭው አየር ውስጥ ያለውን ሙቀት ሰብስቦ ወደ ቤት ያመጣል። ስለዚህ በአንድ እጅ መብራት ሁለት፣ ሦስት እጅ ሙቀት ማስገባት ይችላል። የሚግለው ሽቦ ግን አንድ ተቀብሎ አንድ ብቻ ይመልሳል። እናቴ «ከዚህ ብርድ ውስጥ ደግሞ ምን ሙቀት ይገኛል?» ብላ ሞገተችው። ወደ ፍሪጁ ወሰዳትና ከጀርባው እጇን እንድታስጠጋ አደረጋት። ይሞቃል። «ይህ ሙቀት የወጣው ከወጡና ከወተቱ ነው። ቀዝቃዛ ቢሆኑም ሙቀት ነበራቸው፤ ማሽኑ አውጥቶ ወደ ጀርባ ጣለው። ውጭ ያለውም እንደዚሁ ነው።» የአምናው ጢስስ? ጢስ አልነበረም። በብርድ ጊዜ የውጩ ማሽን ላይ ውርጭ ይይዛል፤ ያን ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ገልብጦ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይልካል፤ ማራገቢያው ይቆምና እንፋሎት ይነሳል። የ11,800 ዶላሩ ወረቀት መነሻ ይህ ነበር።

ከዚያ ወደ ቴርሞስታቷ ተመለሰ። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙዎቻችን ቤት ያለው ችግር ይህ ስለሚመስለኝ።

ቴርሞስታት ዘበኛ ናት። የተባለችው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ትዘጋለች፣ ሲወርድ ትከፍታለች፤ ከዚያ ያለፈ ሥልጣን የላትም። 85 ማለት ቤቱን አያፈጥነውም፤ መዝጊያውን ብቻ ያርቀዋል። ሂት ፓምፕ ባለበት ቤት ደግሞ ይብሳል። የቤቱ ሙቀትና የታዘዘው ቁጥር በጥቂት ዲግሪ ከተራራቁ ቴርሞስታቷ «ማሽኑ ብቻውን አይችልም» ብላ እነዚያን ሦስት ምጣዶች ትጠራለች። እኛ ቤት አሁን ነቅተን ስንቀመጥ 68 ነው። 68 የሚለው ቁጥር እናቴን ግራ ስላጋባት፣ በሴልሲየስ 20 ማለት እንደሆነ፣ የአዲስ አበባን ከሰዓት በኋላ የሚጠጋ እንደሆነ ነገራት። «ታዲያ በነጠላ ላይ ጋቢ ይበቃል» አለች፤ በቃም።

ፕሮግራሙን ሲከፍት ግን ራሱ ሳቀ። ቴርሞስታቷ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው የሥራ ቀናት መርሐ ግብር ሳይነካ ተቀምጧል። ጠዋት በ6 ሰዓት ተነሱ፣ በ8 ሰዓት ውጡ፣ ማታ በ6 ተመለሱ፣ በ10 ተኙ የሚል፤ የሰዓቱ አቆጣጠር በእርግጥ የአሜሪካኖቹ ነው። እኔ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ጠዋት ደክሞኝ ገብቼ ልተኛ ስል ማሽኗ «ቤቱ ባዶ ነው» ብላ ታቀዘቅዘዋለች፤ ማታ ወጥቼ ስሄድ ታሞቀዋለች። እኛም በተናደድን ቁጥር «ሆልድ» የሚለውን እየተጫንን መርሐ ግብሩን ከጥቅም ውጭ እናደርገው ነበር። ሆልድ ከተጫናችሁ የያዛችሁት ቁጥር እስክትለቁት ድረስ ይቆያል፤ የምትሞሉት ፕሮግራም ሁሉ ከንቱ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ይህ ቃል የቴርሞስታቷ መስኮት ላይ ካለ ዛሬውኑ እዩት።

የቅዳሜውና የእሁዱ ደግሞ የባሰ ነበር። ልክ በሌሊቱ 1፡00 ላይ 74 ዲግሪ ተሞልቷል። ማን ሞላው? ልጄ። አያቱ «የኔ ጌታ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንዲሞቅ አድርግልኝ» ብላው ነበር። እዚህ የተወለደ ልጅ ነው፤ አንድ ሰዓት ሲባል በሚያውቀው ሰዓት አንድ አድርጎ ሞላላት። እሷ የፈለገችው በአሜሪካኖቹ 7 ሰዓት ነው። ሁለት የብርድ ወቅት፣ ሆልድ ባልተጫንንባቸው የቅዳሜ ሌሊቶች በላብ ስንገላበጥ የነበረው ለዚህ ኖሯል።

ወንድማችን የእኔን ፈረቃ፣ የባለቤቴን መውጫ፣ የልጄን የትምህርት ቤት ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፎ መርሐ ግብሩን እንደገና ሞላው። ሌሊት የሚወርደው ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው፣ ወደ 66። ለምን አብዝተን አናወርደውም ብዬ ጠየቅሁት። ጋዝ ማሞቂያ ያላቸው ሰዎች በቀን ለስምንት ሰዓት ከሰባት እስከ አሥር ዲግሪ ቢያወርዱ በዓመት እስከ 10 በመቶ ሊቆጥቡ እንደሚችሉ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ይመክራል። እንደኛ ተራ ቴርሞስታትና ሂት ፓምፕ ላለው ግን ሌሊት የተቆጠበውን ጠዋት ምጣዶቹ ተነስተው ይበሉታል። የጎረቤታችሁን ቁጥር ከመገልበጣችሁ በፊት ምን ዓይነት ማሞቂያ እንዳላችሁ እወቁ።

አንድ እንቆቅልሽ ቀርቶ ነበር፤ ለምንድን ነው እናቴ እንጀራ በጋገረች ቁጥር ፎቁ የሚበርደው? ወጥ ቤቱን አይቶ መለሰልን። ምጣዱ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ነው፤ ትይዩው ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ቴርሞስታቷ አለች። ምጣዱ ሲግል እሷ ቤቱ የሞቀ ይመስላትና ትዘጋዋለች፤ እኛ ፎቅ ላይ እንንቀጠቀጣለን። ቴርሞስታቷን ወደ ሌላ ግድግዳ ማዛወር ሽቦ መሳብ ስለሆነ ገንዘብ ያስወጣል። «ምጣዱን ማዛወር ግን በነጻ ነው» አለና ራሱ ተሸክሞ ወደ ወዲያኛው ጥግ ወሰደው።

ባለቤቴ በስልክ የሚታዘዝ ዘመናዊ ቴርሞስታት ሊገዛ አስቦ ነበር። ሊሸጥልን ይችል ነበር፣ አልሸጠልንም። ካቻቪቴ አውጥቶ የቴርሞስታቷን ክዳን ፈታና ሽቦዎቹን አሳየን። ብዙዎቹ አዳዲሶቹ ያለማቋረጥ ኃይል የሚሰጣቸው «ሲ» የሚባል ሽቦ ይፈልጋሉ፤ የእኛ ግድግዳ ላይ ያ ሽቦ የለም። ያለችዋ በሁለት ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ናት። «ዘንድሮ ይህችን በደንብ ተጠቀሙባት፤ ከዓመት በኋላ ከፈለጋችሁ ሽቦውን እስብላችኋለሁ» አለው። ባትሪ ድንጋዮቹን ቀየረ። አየሩን የሚያጣራውን ፊልተር አወጣና አሳየን፤ ጥቁር ብርድ ልብስ ሆኗል። አዲሱን አስገብቶ ጠርዙ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፈበት፤ ከሦስት ወር እንዳያልፍ።

በመጨረሻ ነጭ ፕላስተር ቆርጦ ከቁልፎቹ አጠገብ በአማርኛ ጻፈላት፦ «ሙቀት»፣ «ቅዝቃዜ»፣ «ዝግ»። ኢመርጀንሲ የሚለው ጎን ደግሞ «እማማ፣ ሳይደውሉልኝ አይንኩ» ይላል። እስካሁን እዚያው ተለጥፏል።

ለሁለት ሰዓት ተኩል ሥራ 110 ዶላር፣ ለፊልተሩ 18 ዶላር ከፈልኩ። ጉርሻ ብሰጠው አልቀበልም አለ፤ ሁለተኛውን ቡና ጠጥቶ ሄደ። ሳልጠይቀው የሥራ ፈቃዱን አሳይቶኛል። ማንንም ስትጠሩ ይህን ጠይቁ፤ በቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው መሆኑን በክልሉ የሙያ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጋችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

እንከኑንም ልናገር። ስልክ አያነሳም፤ መልእክት ጽፋችሁ ተዉለት፣ ማታ ላይ ይመልሳል። ሰዓት አክባሪ ነው ብዬ አልዋሽም። ወሬውም ረጅም ነው፤ ማስረዳት ከጀመረ አያቆምም፤ ቸኩላችሁ ከሆነ ለሌላ ቀን ቅጠሩት። እሁድ አይሠራም። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ከአሌክሳንድሪያ ሌላ አርሊንግተንና ስፕሪንግፊልድም ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት በረዶ ጥሎ ነበር። ጠዋት ከሥራ ስገባ የውጩ ማሽን እንፋሎቱን እየለቀቀ ነው። እናቴ ጋቢዋን ደርባ መስኮቱ ጋር ቆማለች። ደንግጣ ይሆናል ብዬ ጠጋ ስል «ምንም አይደል፣ ውርጩን እያራገፈ ነው፤ አሁን ይመለሳል» አለችኝ። ተመለሰ።