ያገለገለ ታፍቡክ ሲኤፍ-31 ይገዛል ወይ? ቴስት ላብ ውስጥ ከሚሰራ ሰው

መጀመሪያ ፍርዱን ልናገርና ልገላገል። ሜዳ ላይ ለምትሰሩ፣ ቀያሽ ሁኑ ጂኦሎጂስት ወይ ታወር ላይ የምትወጡ የቴሌኮም ልጆች፣ ያገለገለ ፓናሶኒክ ታፍቡክ ሲኤፍ-31 የሚባለውን ጠንካራ ላፕቶፕ ግዙ። ቢሮና ካፌ ለምትውሉ ግን ኧረ ተዉት፣ ከ3.5 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ እስክሪኑ 13.1 ኢንች ሆኖ ጥራቱ 1024 በ768 ብቻ ነው፣ ኤክሴል ስትከፍቱ ግማሹን የላይኛው ሜኑ ይበላዋል። የወጣው በፈረንጆች 2010 ነው፣ አዲስ እያለ ከ3,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር፣ አሁን ግን እዚህ አሜሪካ ፖሊስ መኪና ላይ ሲሰሩ የከረሙት በርካሽ ይወጣሉ፣ እኔም ከነሱ አንዱን ነው አፋር ለሚሰራ ያክስቴ ልጅ የገዛሁለት።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ቴስት ላብ ነው የምሰራው። ለጦርና ለሳተላይት የሚሰሩ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች ይመጡልናል፣ ቻምበር ውስጥ ከተን እናግላቸዋለን፣ እናቀዘቅዛቸዋለን፣ ሼከር ላይ አስረን እናንቀጠቅጣቸዋለን፣ ከዛ ሰርተው ከወጡ ሪፖርት ጽፈን እንሸኛቸዋለን። ስለዚህ ስቲከር አይቼ አልደነግጥም፣ እናንተም እንዳትደነግጡ።

ምክንያቱም «ሚሊተሪ ግሬድ፣ ሚል ስታንዳርድ 810 ያለፈ» የሚለው ነገር አሁን ርካሽ ስልክ ካርቶን ላይ ሁሉ ተለጥፏል። ስታንዳርዱ እውነተኛ ነው፣ የአሜሪካ መከላከያ በ1962 ነው ያወጣው፣ 810ኤች የሚባለው እትሙ ደግሞ 2019 ላይ ወጣ። ግን ቁጭ ብሎ ማህተም የሚመታ መስሪያ ቤት የለውም እኮ! ውስጡ ሙቀት፣ ብርድ፣ አቧራ፣ ዝናብ፣ የጨው ጉም፣ ንዝረት፣ ከፍታ ምናምን እያለ ብዙ ሙከራ አለ፣ አምራቹ የፈለገውን መርጦ በፈለገው ልክ ይሞክርና ስቲከሩን ይለጥፋል። ሁለቱን ብቻ ሞክሮ ቢለጥፍም የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ሻጭ «ሚሊተሪ ነው» ሲላችሁ የትኛው ሙከራ፣ በስንት ዲግሪ፣ በርቶ ነው ጠፍቶ በሉት፣ ዝም ካለ መልሱ ያ ነው።

የመውደቁን ሙከራ ለምሳሌ ልንገራችሁ። የተለመደው ከ122 ሴንቲሜትር ከፍታ 26 ጊዜ መጣል ነው፣ በ6ቱ ፊት፣ በ12ቱ ጠርዝ፣ በ8ቱ ጥግ። የሚያርፈው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ኮንክሪት ላይ ሳይሆን ኮንክሪት ላይ በተነጠፈ 5 ሴንቲ የሚሆን ኮምፔንሳቶ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜም እቃው ጠፍቶ ነው የሚጣለው፣ 26ቱን ደግሞ እስከ 5 እቃ ድረስ አከፋፍሎ መጣል ይፈቀዳል። አያችሁ፣ «26 ጊዜ ወድቆ ተረፈ» ሲባል አንዱ እቃ የወደቀው 5 ወይ 6 ጊዜ ሊሆን ይችላል። ለሲኤፍ-31 ፓናሶኒክ የሚሰጠው የመውደቂያ ቁጥር 180 ሴንቲሜትር ነው፣ ከ810ኤች በፊት በነበረው እትም በ810ጂ፣ ከዛ ላይ አይፒ65 የሚባለውን አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ ጨምረውበታል። 6ቱ አቧራ ጭራሽ አይገባም ማለት ነው፣ 5ቱ ደግሞ ከየአቅጣጫው በቧንቧ የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። ውሃ ውስጥ መስጠም ግን የለበትም፣ እሱን የሚችለው ሁለተኛው ቁጥር 7 ሲሆን ነው፣ ወንዝ ውስጥ ጥላችሁ እንዳትሳደቡ።

ሰው ሁሉ የሚፈራው መውደቅን ነው፣ እኛ ጋ ብዙ እቃ ሲገድል የማየው ግን ንዝረትና የሙቀት መፈራረቅ ነው። ቺፑና ቦርዱ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፣ ቀን ግሎ ማታ ሲበርድ ሁለቱን ያያያዘው ብየዳ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎተታል፣ ከዛ ላንድክሩዘር ውስጥ ኮረኮንች ላይ ስትነዱት የደከመው ብየዳ ይሰነጠቃል፣ ከዛማ ላፕቶፑ አንዴ ይነሳል አንዴ እምቢ ይላል፣ እናንተ «ቫይረስ ነው» ትላላችሁ።

እቃው እጄ ሲገባ ያየሁት የዚህን መልስ ነው። ቀፎው ማግኒዚየም አሎይ ነው፣ ፕላስቲክ አይደለም። ሃርድ ዲስኩ ቦርዱ ላይ በቀጥታ አልተሰካም፣ ለስላሳ ነገር ውስጥ ተንሳፍፎ በተጣጣፊ ገመድ ነው የሚገናኘው፣ ስለዚህ ቀፎው የተቀበለው ምት ሙሉው እሱ ጋ አይደርስም። አጠገቡ ማሞቂያ አለ፣ ብርድ ሲሆን ዲስኩን አሙቆ ነው የሚያስነሳው። የዩኤስቢውም የኔትወርኩም ቀዳዳ ሁሉ ጓርኒሲዮን ያለው ክዳን አለው፣ ክዳኑን ስትዘጉት ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። በነገራችን ላይ ከሁሉም ያደነቅኩት ይሄን መቆለፊያ ነው፣ ርካሾቹ ላይ ያለው ዝም ብሎ የሚለጠፍ ጎማ ነው፣ ኪስ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ተከፍቶ ታገኙታላችሁ፣ ክዳኑ ከተከፈተ ደግሞ አይፒ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው። እስክሪኑ እንደ ሞዴሉ እስከ 1200 ኒት (የብርሃን መለኪያ ነው) ያበራል፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ለአፋር ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላውቅም።

ሙቀት ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በስታንዳርዱ የበረሃ ዑደት የአየሩ ሙቀት ጫፍ 49 ዲግሪ ነው፣ ለመጋዘንና ለተዘጋ መኪና የሚሆነው 71 ነው። 71ን ቻለ ማለት ጠፍቶ ተቀምጦ ቻለ ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ ከዋለ መኪና አውጥታችሁ ወዲያው ከማብራት ጥላ ስር ትንሽ አስቀምጡት።

የሀገር ቤት ሰው የማይጠይቀው ደግሞ ከፍታ ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ማንበቢያው የሚንሳፈፈው በስስ አየር ላይ ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ወርዶ ዲስኩን ሊፍቅ ይችላል፣ ተራው ዲስክ ብዙ ጊዜ ዋስትናው 3,048 ሜትር ላይ ያበቃል። ለከፍታ የተለመደው የላብ ሙከራ 4,572 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሸን ጫፍ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ባሌ ወይ ስሜን ተራራ ላይ የምትሰሩ ካላችሁ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ቀይሩበት፣ ንዝረቱም አያስቸግረውም።

«ታዲያ ጠፈር ላይስ ይሄዳል?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። አይሄድም። ለሰው የሚሆን አየር ባለበት የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ተራ ቲንክፓድና ኤችፒ ላፕቶፕ ነው የሚጠቀሙት፣ ውጪው ግን ሌላ ዓለም ነው። አየር ስለሌለ ፋን ዋጋ የለውም፣ ሙቀቱ የሚወጣው በብረት ተሻግሮ ወደ ህዋ በመጨረር ነው፣ ጨረሩ ደግሞ የሜሞሪ ቢት ይገለብጣል። ለዛ ነው ማርስ ላይ ያለው ፐርሰቪራንስ የሚባለው የናሳ ተሽከርካሪ ራድ750 የሚባል ጨረር የሚችል ቀርፋፋ ፕሮሰሰር የያዘው። አብሮት የሄደው ኢንጀኒዩቲ ሄሊኮፕተር ግን የስልክ ቺፕ፣ ስናፕድራገን 801 ይዞ 5 በረራ ቢታሰብለት 72 በረረ፣ አንዳንዴ እንደዚህም ይሆናል።

ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ክዳኖቹ ሁሉም መኖራቸውን እዩ፣ ጎማቸውን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት፣ ደርቆ ከተሰነጠቀ ውሃ የሚችለው ነገር አልቋል። ሰው ከፍቶ የነካካው ከሆነ ብሎኖቹ ጎደሎ ይሆናሉ፣ እነሱን ቁጠሩ። ባትሪው ያረጀ እንደሚሆን ከዋጋው ቀንሱ። ቻርጀሩ 15.6 ቮልት ነው፣ ሰፈር ውስጥ የሚሸጠውን 19 ቮልት እንዳትሰኩበት፣ ከነኦሪጅናል ቻርጀሩ ካልሰጧችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኳት ለእስክሪኑ ጥራት ነው።