ፍሎፒ ድራይቬ ላይ የገጠምኩት የትራክ ቁጥር ማሳያ፦ ከወራት በኋላ

መጀመሪያ እናንተ የምትሉኝን እኔው ልበለው፦ አያስፈልግም። ሶኒ ባለ 3.5 ኢንቹን ፍሎፒ እ.ኤ.አ. በ1981 ካወጣው ጀምሮ ዓለም ያለ ትራክ ቁጥር ማሳያ (ትራክ ማለት ዲስኩ ላይ መረጃ የሚጻፍበት ክብ መስመር ነው) ሲጠቀምበት ኖሯል፣ ማንም አልሞተም። እኔም ስገጥመው ለጌጥ ነበር፣ ቀይ ቁጥር ሲሮጥ ማየት ደስ ስለሚል ብቻ። አሁን ግን ያለሱ ፍሎፒ አላነብም፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ፕሪንት ቤት አለችኝ። ሰው አሁንም ፍሎፒ ይዞ ይመጣል፣ አትሳቁ። የድሮ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤት ውል፣ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ በተለይ እዚህ ሰፈር ቤት ፈርሶ እቃ ሲጠቀለል ከመሳቢያ ሥር ምን የማይወጣ አለ። ስለዚህ አንድ አሮጌ ፔንቲየም ኮምፒውተር ከነቲያክ ኤፍዲ-235 ፍሎፒ ድራይቩ ጥግ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ይሠራል፣ ስለሱ ሌላ የምለው የለም።

ማሳያው እንዲህ ነው። ድራይቩ ላይ ከሚሰካው ባለ 34 ፒን ኬብል ጥቂት ሽቦ ጠልፌ አርዱይኖ ናኖ ወደሚሉት ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ ወስጃለሁ፣ ከናኖው ደግሞ ቲኤም1637 የሚሉት ባለ አራት አሃዝ ማሳያ በሁለት ሽቦ ይቀጥላል። 20 ቁጥር ፒን ስቴፕ ነው፣ ኮምፒውተሩ የማንበቢያውን ጭንቅላት አንድ ትራክ ባንቀሳቀሰ ቁጥር እዛ ላይ አንድ ምት ይመጣል። 18 አቅጣጫ ነው፣ ዝቅ ካለ ወደ መሃል እየገባ ነውና አንድ ደምር፣ ከፍ ካለ ወደ ዳር እየወጣ ነውና አንድ ቀንስ። 26 ደግሞ ዝቅ ስትል ዳር ደርሷል ማለት ነውና ቁጥሩን ዜሮ አድርግ። 12ን፣ ድራይቩ የተመረጠበትን ማለት ነው፣ አትርሱት፣ እሱ ከሌለ ለሌላ ድራይቭ የተላከውን ምት ሁሉ ትቆጥራላችሁ። ናኖው የሚያዳምጥ ብቻ ነው፣ ኬብሉ ላይ ምንም አይልክም፣ መብራቱንም ከዛው ከድራይቩ 5 ቮልት ከቀዩ ሽቦ ይወስዳል (ቢጫው 12 ነው፣ ቢጫውን ለናኖው 5 ቮልት ፒን የሰጠ ሰው አዲስ ናኖ ይገዛል)።

ስለ ኮዱ አንድ ነገር ብቻ። ስቴፑን ኢንተራፕት ላይ (ምት ሲመጣ ናኖው የያዘውን አቋርጦ የሚሮጥለት ኮድ ነው) አስገቡት፣ ማሳያውን ግን ኢንተራፕቱ ውስጥ አትጻፉ። ምቶቹ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ነው የሚመጡት፣ ቲኤም1637 ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ እሱን ስትጠብቁ ምት ያልፋችኋል።

እሺ ወደ ዋናው ነገር። 1.44 ዲስክ 80 ትራክ አለው፣ ከ0 እስከ 79፣ በሁለቱም ገጽ 18 18 ሴክተር (የትራክ ቁራጭ ነው)፣ እያንዳንዱ 512 ባይት። እኔ ያልጠበቅኩት ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ድራይቩ ምን እያሰበ እንደሆነ በግልጽ መታየቱን ነው። ፋይሉ ተከታትሎ የተጻፈ ከሆነ 12፣ 13፣ 14 እያለ ሳይቸኩል ይወጣል። ፋይሉ ተበታትኖ ከሆነ 12፣ 51፣ 13፣ 60 እያለ ይዘላል። ስትጽፉ ደግሞ በመሃል ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ይሄ ጤና ነው፣ የፋይል ዝርዝሩና ፋት የሚባለው ሰንጠረዥ ሁለቱም ቅጂ እዛው ትራክ ዜሮ ላይ ስለሆነ ሄዶ መመዝገብ አለበት። ለዚህም ነው ዜሮ ትራኩ የተጎዳ ዲስክ ሌላው 79 ትራክ ንጹሕ ሆኖ እንኳ ባዶ ወይ ፎርማት ያልተደረገ መስሎ የሚታየው።

ግን ሲያነብ፣ ምንም ሳይጻፍ፣ ከ34 ተነስቶ ዜሮ ወርዶ እንደገና 34 ላይ ከቆመ? አቅቶታል ማለት ነው። የት እንዳለ ተጠራጥሮ ከዳር ጀምሮ ቆጥሮ እየተመለሰ ነው። ድሮ ይሄን የምናውቀው በጆሮ ነበር፣ ጥርርር ሲል ፊታችን ይጨማደድና ትንሽ ቆይቶ ያ የዶስ አቦርት፣ ሪትራይ፣ ፌይል ይመጣል፣ የት ቦታ ላይ እንደተሰናከለ ግን ማን ነግሮን ያውቃል?

የዕድሩን ዲስክ ልንገራችሁ። አንድ ጋሼ፣ የሰፈር ዕድር ጸሐፊ የነበሩ፣ የ1990 ዓ.ም. የአባላት ዝርዝር ያለበት ዲስክ ይዘው መጡ፣ ወረቀቱ ጠፍቷል። አስገባሁት፣ 31፣ 32፣ 33፣ 34 ላይ ቆመ፣ ጥርርር፣ ቁጥሩ ተንደርድሮ ዜሮ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ 34፣ ደግሞ ወረደ። ጋሼ ማሳያውን አፍጥጠው ያያሉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ የታክሲ ሒሳብ ነው እንዴ? እየቆጠርክብኝ ነው?» አይ ጋሼ፣ ይሄ እንኳን ለእርስዎ አይቆጥርም ብያቸው ጭንቅላቱን በጥጥና በአልኮል ጠረግኩት፣ ደግሜ አስገባሁ፣ አሁንም 34። ሌላ ጤነኛ ዲስክ አስገባሁ፣ እስከ 79 ቀጥ ብሎ ወጣ። ስለዚህ ድራይቩ ደህና ነው፣ የተጫረው ዲስኩ ነው፣ ያውም አንድ ቦታ ላይ ብቻ። ይሄን ለማወቅ የፈጀብኝ ሻይ የመጠጫ ጊዜ ነው።

ልዩነቱን ያዙልኝ፦ ሁሌ አንድ ቁጥር ላይ ከሆነ ዲስኩ ነው። ዲስክ ብትቀይሩም ሁሉም ቁጥር ላይ የሚንገዳገድ ከሆነ ጭንቅላቱ ቆሽሿል። ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ደህና ሆኖ ወደ 70ዎቹ ሲጠጋ የሚብስበት ከሆነም ጭንቅላቱን ጠርጥሩ፣ ወደ መሃል ሲገባ ክቡ ስለሚያጥር መረጃው ይጠጋጋል፣ ደካማ ጭንቅላት መጀመሪያ የሚሸነፈው እዛ ነው።

ከዛ በኋላማ ቀላል ሆነ። ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስክዩ በሚባለው ከተጎዳ ዲስክ መረጃ በሚያወጣ ፕሮግራም ከ34 በፊትና በኋላ ያለውን በሙሉ ገለበጥኩ፣ የታመመውን፣ ከሴክተር 1224 እስከ 1259 ያለውን፣ መጨረሻ ላይ አስቀርቼ ቀስ ብዬ ለቀምኩት። ጥቂት ስም ጎደለ እንጂ ዝርዝሩ ወጣ። (ፋይሉ ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ነበር፣ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ያኔ የተጻፈው ሁሉ በየራሱ ፎንት ነው፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም።)

አሁን የሚመጣውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ የኮምፒውተር ሱቅ ልጆች ሁሌ የሚሉኝ ነው። «ወንድሜ ምን አደከመህ፣ የዩኤስቢ ፍሎፒ ልስጥህ፣ ሰክተህ ትገላገላለህ።» አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም። የዩኤስቢው ድራይቭ ሲያቅተው ብቻውን ጓዳ ውስጥ ይታገልና ወጥቶ «አልቻልኩም» ይለኛል። ስንት ላይ? ለምን? ዝም። እኔ ደንበኛ ፊት ቆሜ «ተበላሽቷል» ብቻ ማለት አልፈልግም፣ «ይቺ ቦታ ላይ ተጭሯል፣ ሌላው አለ» ማለት እፈልጋለሁ። ሌላው ደግሞ «ግሪስዊዝል ግዛ፣ ጥሬውን ሲግናል ያነብልሃል» ይለኛል። መሣሪያው እውነት ጎበዝ ነው፣ አልጣላውም፣ ግን እሱም የሚሰካው እዛው 34 ፒን ላይ ስለሆነ የኔ ቁጥር ከሱም ጋር ይቆጥራል። በምን ተጣላን?

የሚያናድደኝ ነገር የለም አልልም። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ናኖው ከእንቅልፉ ነቅቶ ጭንቅላቱ የት እንዳለ ሳያውቅ 00 ይላል፣ ጭንቅላቱ ግን 40 ላይ ቆሟል። ይሄ ውሸት ነው፣ እኔ ደግሞ የሚዋሽ ጌጅ አልወድም። አሁን ኮዱን ቀይሬ 26 አንዴ ዝቅ እስክትል ሁለት ሰረዝ ብቻ ያሳያል፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚሮጠው ፕሮግራም) ሲነሳ ጭንቅላቱን ወደ ዜሮ ስለሚመልሰው ብዙም አያስጠብቅም። የቀኙን ሁለት አሃዝ ደግሞ ለሙግት፣ ድራይቩ አቅቶት ደግሞ ለሞከረበት ብዛት ማለት ነው፣ ሰጠሁት፣ 24፣ የመጻፊያዋ ፒን፣ ሳትወርድ ጭንቅላቱ ዜሮ ደርሶ ወደዛው ትራክ ከተመለሰ አንድ ይጨምራል። ጤነኛ ዲስክ 79:00 ብሎ ይጨርሳል፣ ቀኙ መቁጠር ከጀመረ ደንበኛውን ቁጭ በል እለዋለሁ። ሌላው ቅሬታዬ ብርሃኑ ነው፣ ማታ ዓይን ይወጋል፣ በኮድ ወደ ታች ቀንሱት።

ዋጋ አትጠይቁኝ፣ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ ውሸታም ያስብለኛል። ናኖውም ማሳያውም ግን ከድራይቩ ጋር ሲተያይ ኢምንት ናቸው። ኦሪጅናል ናኖ ካልሆነ አይሠራም የሚላችሁን አትስሙት፣ የኔ ሲኤች340 ቺፕ ያለበት ኮፒው ነው፣ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ነገ ቢቃጠል ከነገ ወዲያ ሌላ እገጥማለሁ።

ባለ 5.25 ኢንች ድራይቭ የሚሠራ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ማገናኛው የካርድ ጠርዝ ዓይነት ስለሆነ ኬብሉን ሌላ መሥራት አለብኝ፣ የ360 ኪሎባይቱ ደግሞ 40 ትራክ ብቻ ነው፣ ሲግናሎቹ ግን እነዚያው ናቸው፣ ሁለተኛዋን ማሳያ አስቀድሜ ገዝቻለሁ።