ሶላርዊንድስ፣ ፒአርቲጂ ወይስ ዛቢክስ? የኔትወርክ መከታተያ ለሚመርጡ

የኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌር (መሣሪያዎቹ በትክክል መሥራታቸውን የሚከታተል) የራውተሩን፣ የስዊቹንና የሰርቨሩን የይለፍ ቃል አንድ ላይ ይዞ የሚቀመጥ ነው። እሱ ከተሰበረ ሌላው ሁሉ ይከፈታል። ስለዚህ ሶላርዊንድስን ለመግዛት የሚያስብ ሁሉ በ2020 በኩባንያው ላይ ስለደረሰው የሳይበር ጥቃት አጥብቆ መጠየቅ አለበት። ሌሎቹ ሁለቱም በዚያው ሚዛን መታየት አለባቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሶላርዊንድስ

ሰርጎ ገቦቹ ኦራየን የተባለው የኩባንያው መከታተያ ምርት ኮምፓይል በሚደረግበት (ከኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም በሚገነባበት) ማሽን ላይ ሰንስፖት የሚባል ፕሮግራም ተከሉ። ሰንስፖት ግንባታው እስኪጀመር ይጠብቅና አንዱን የኮድ ፋይል ለቅጽበት ለውጦ ሰንበርስት የተባለውን የጓሮ በር (ድብቅ መግቢያ) ያስገባል፤ ግንባታው ሲያልቅ የመጀመሪያውን ፋይል መልሶ ያስቀምጣል። ኮዱን የሚገመግም ሰው ምንም አያይም። ለደንበኛው የሚደርሰው ዲኤልኤል (የፕሮግራሙ አካል የሆነ ፋይል) ግን ተበክሏል፤ ያውም በኩባንያው እውነተኛ ዲጂታል ፊርማ ተፈርሞ። ከማርች እስከ ጁን 2020 በወጡት ዝማኔዎች በኩል እስከ 18,000 ለሚደርሱ ደንበኞች ደረሰ። ጥልቅ ሰርጎ መግባት የተፈጸመባቸው ግን የአሜሪካ መንግሥት እንዳስታወቀው 9 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና ወደ 100 የሚጠጉ የግል ድርጅቶች ናቸው።

ለገዢ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፦ ሰንበርስት እስከ ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ይቆይና ከዚያ በኢንተርኔት ወደ ጌቶቹ ይደውላል። የኦራየን ሰርቨሩ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በፋየርዎል የተዘጋበት ድርጅት ጋ የጓሮ በሩ ትእዛዝ የሚቀበልበት መንገድ አልነበረውም።

በጃንዋሪ 2021 ሱድሃካር ራማክሪሽና ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ሲመጡ የተሠራው ዋናው ሥራ የምርት ግንባታውን መለወጥ ነው። አሁን አንዱ ኮድ በተለያዩ፣ የመግቢያ ፈቃዳቸው በተለያየ አካባቢዎች ጎን ለጎን ይገነባል፤ ውጤቶቹም ይመሳከራሉ። የግንባታ ማሽኖቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ይጠፋሉ። አጥቂው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካልያዘ ልዩነቱ ይታያል። ይህ ከልብ የተሠራ ጥገና ነው፤ ቢሆንም የተለመደ የኮድ ስህተትን አይከለክልም። በ2024 ዌብ ሄልፕ ዴስክ በተባለው ሌላ ምርታቸው ውስጥ በኮዱ የተጻፈ ቋሚ የይለፍ ቃል ተገኝቷል። ኩባንያው በኤፕሪል 2025 በ4.4 ቢሊዮን ዶላር ለተርን ሪቨር ካፒታል ተሸጦ ከአክሲዮን ገበያ ወጥቷል። ከእንግዲህ ለአክሲዮን ገበያ ሪፖርት ማድረግ ስለማይጠበቅበት፣ የደህንነት ክፍተት በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያሳውቁ በውሉ ላይ ያስጽፉ።

በችሎታ ረገድ ከሦስቱ ጥልቁ እሱ ነው፦ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች፣ የኮንፊገሬሽን ለውጥ ክትትል፣ የትራፊክ ፍሰት ትንተና። ዋጋ ሲያሰሉ ዊንዶውስ ሰርቨርና ኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ) እንደሚፈልግ አይርሱ። የዳታቤዙ ዲስክ ከዘገየ ገጾቹ ሁሉ ይንቀራፈፋሉ፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ በሶፍትዌሩ ይሳበባል።

ፒአርቲጂ

የጀርመኑ ፔስለር ምርት ነው። ዋናው ሰርቨር በዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ የተለየ ዳታቤዝ አይጠይቅም፤ ከሦስቱ ለመትከል ቀላሉ ነው። ላይሰንሱ የሚቆጠረው በሴንሰር (በመሣሪያው ላይ በሚለካ አንድ ነገር) ነው፣ እስከ 100 ሴንሰር ነጻ። ወጥመዱም እዚያው ነው፦ የባለ 48 ወደብ ስዊች እያንዳንዱን ወደብ ከተከታተሉ 48 ሴንሰር ሄደ፤ ሁለት ስዊች ነጻውን ሊጨርስ ትንሽ ይቀረዋል። አውቶማቲክ ፍለጋውን ያለ ገደብ ከለቀቁት ኮታው ያልቃል፤ ከኮታ በላይ የሆኑት ሴንሰሮችም ይቆማሉ። የማይፈልጉትን ወደብ በመጀመሪያው ቀን ያጥፉ።

ዛቢክስ

ኦፕን ሶርስ ነው፣ የላይሰንስ ክፍያ የለውም። ሊኑክስና ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስኪውኤል የተባለ ዳታቤዝ ይፈልጋል። ከፈለጉ ከምንጭ ኮዱ ራስዎ ኮምፓይል ማድረግ ይችላሉ፤ ሰንስፖት የመሰለ ጥቃት በሻጭ ማሽን በኩል የሚገባበት ዕድል ይቀንሳል። በምትኩ የማዘመን ሸክሙ የእርስዎ ነው። በ2022 የሳምል መግቢያን (በአንድ የጋራ አካውንት ወደ ብዙ ሲስተሞች የሚያስገባ ዘዴ) ለሚጠቀሙ ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ክፍተት ተገኝቶበት ነበር፤ ያላዘመነ ተጋለጠ።

ብዙ ተከላ የሚበላሸው በዲስክ ነው። 3,000 መለኪያ በየ60 ሰከንዱ ቢነበብ በሰከንድ 50 እሴት ማለት ነው፤ አንዱ እሴት በግምት 90 ባይት ቢይዝ በ30 ቀን ወደ 11.7 ጊጋባይት ይሆናል። ታሪክን ለዓመት ላቆይ ካሉ በ12 ያባዙት። ዳታቤዙ እንዲህ ሲያብጥ አሮጌ መረጃ የሚሰርዘው ሂደት ራሱ ሲስተሙን ያንቀዋል፤ ትልቅ ተከላ ከሆነ ከመጀመሪያው የዳታቤዙን ሠንጠረዦች በየቀኑ መረጃ ይከፋፍሉ ወይም ታይምስኬልዲቢ (በጊዜ ቅደም ተከተል ለሚመዘገብ መረጃ የተሠራ የፖስትግሬስኪውኤል ማራዘሚያ) ይጠቀሙ።

ምርጫው

ሊኑክስ የሚያውቅና በየወሩ ለማዘመን ጊዜ ያለው ሰው ካለዎት ዛቢክስ። መሣሪያዎ ጥቂት፣ ባለሙያዎም የዊንዶውስ ብቻ ከሆነ ፒአርቲጂ። ኔትወርኩ ሰፊና የተደባለቀ ሆኖ የኤስኪውኤል ሰርቨር ባለሙያም ካለ ሶላርዊንድስ ዛሬ ሊገዛ የሚችል ነው፤ ያለፈው ጥቃት ብቻውን ከዝርዝር አያስወጣውም።

የትኛውንም ቢወስዱ ሰርቨሩን በራሱ ቪላን (ከሌላው የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ያስቀምጡ፤ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን መንገድ ሁሉ ዘግተው የሚያስፈልገውን አድራሻ ብቻ ይክፈቱ። ሶላርዊንድስም ፒአርቲጂም ላይሰንስን ያለ ኢንተርኔት ማንቃት ይችላሉ። ኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎችን ሁኔታ የሚያነብ ፕሮቶኮል) ሥሪት 3ን በማንበብ መብት ብቻ፣ ከነማረጋገጫውና ምስጠራው ይጠቀሙ። ለዊንዶውስ ክትትል የዶሜይን አድሚን (በድርጅቱ ዊንዶውስ ማሽኖች ሁሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው) አካውንት በፍጹም አይስጡ፤ ብዙ ጫኞች ፈጥኖ እንዲሠራላቸው ይህንኑ ያደርጋሉ። መሣሪያ ላይ የሚጽፍ አካውንት ካስፈለገ ከሚያነበው የተለየ ይሁን።

ከተበከሉት የኦራየን ሥሪቶች አንዱ (2019.4 ሆትፊክስ 5፣ 2020.2 ወይም 2020.2 ሆትፊክስ 1) የሠራበት ሰርቨር ዛሬም ካለዎት በላዩ ላይ ማዘመን አይበቃም። ማሽኑን ከባዶ ይጫኑት፤ በውስጡ ተቀምጠው የነበሩትን የይለፍ ቃሎችና የኤስኤንኤምፒ ቁልፎችም አንድ ሳይቀር ይቀይሩ።