ስሎው ኩከር ለስሎፒ ጆ፦ የሚችለውና የማይችለው

ስሎፒ ጆን በስሎው ኩከር፣ ማለትም ምግብን በዝግታ ለሰዓታት በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት፣ መሥራት ያዋጣል? እንደ በላተኛው ብዛት ነው። ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ከሆነ ተራ መጥበሻ በ30 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ማሽኑን አውጥቶ መልሶ ማጠቡ ትርፍ ድካም ነው። አሥር ሰው በተለያየ ሰዓት እየገባ የሚበላ ከሆነ ግን ይህን ዕቃ የሚተካ የለም። ማንም አጠገቡ ቆሞ ሳያማስል ሥጋውን ከነሶሱ ለሰዓታት ትኩስ አድርጎ ያቆየዋል።

ስሎፒ ጆ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ጣፋጭና ኮምጠጥ ባለ የቲማቲም ሶስ በስሎ በበርገር ዳቦ የሚቀርብ የአሜሪካ ሳንድዊች ነው። ስሎው ኩከር ደግሞ ሲፈጠር ለዚህ አልታሰበም። ኧርቪንግ ናክሰን እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዕቃ በገበያ የታወቀው ለቦሎቄ መቀቀያነት ነበር፤ ራይቫል የተባለው ኩባንያ ገዝቶት በ1971 «ክሮክ ፖት» ብሎ ያወጣውም ያንኑ ነው። ቦሎቄ ረጅም ሰዓትና ብዙ ውሃ ይፈልጋል። የተፈጨ ሥጋ ሁለቱንም አይፈልግም። አብዛኛው ቅሬታ የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

ጥሬውን ሥጋ በቀጥታ ማሽኑ ውስጥ መጨመር ትልቁ ስህተት ነው። ሥጋው ይጓጉላል፣ ግራጫ ይሆናል፣ ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል። የጥብስ ጣዕም የሚሰጠው ቡናማ ቀለም ሞቅ ብሎ የሚመጣው ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ነው፤ ውሃ ያለበት ስሎው ኩከር ግን ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ስምንት ሰዓት ቢቀመጥም ያ ቀለም አይመጣም።

ስለዚህ መጀመሪያ መጥበሻ። 15 በመቶ ገደማ ስብ ያለው 1 ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ሁለት ቦታ ይክፈሉና ሰፊ መጥበሻ በደንብ ካጋሉ በኋላ ግማሹን ይጨምሩ። ጠፍጠፍ አድርገው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ አይንኩት። ሁሉም አንዴ ከገባ ሥጋው በራሱ ውሃ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጆሮ እዚህ ላይ ከዓይን ይበልጣል፦ ውሃው እስኪያልቅ የሚሰማው መንተክተክ ነው፣ ሲያልቅ ግን ስቡ መንጣጣት ይጀምራል። ሥጋውን ገልብጦ በእንጨት ማንኪያ ማፈራረስ ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ዙር ሲያልቅ 1 የሾርባ ማንኪያ ያህል ስብ አስቀርተው ሌላውን ያጠንፍፉ፤ ክዳኑ የተከደነ ማሽን ስቡን የትም አያደርሰውም።

በቀረው ስብ 1 ትልቅ ሽንኩርትና 1 የፈረንጅ ቃሪያ ደቀቅ ብለው ተከትፈው ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይቁላሉ። ይህን መዝለል ያሳስታል፤ ጥሬ ሽንኩርት ይህን ያህል ሰዓት ተቀምጦ መቼም ይለሰልሳል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነውና። አይለሰልስም። የቲማቲምና የአቼቶ ኮምጣጣነት አትክልቱ እንዳይላላ አጥብቆ ስለሚይዘው ከአራት ሰዓት በኋላም ጥርስ ላይ ቅርጭ ይላል። ሽንኩርቱ ሲልም 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምረው 1 ደቂቃ ያቁላሉ። ከዚያ ሩብ ኩባያ ውሃ ይርጩበትና መጥበሻው ላይ የተጣበቀውን ቡናማ ቅሪት ፍቀው ያንሱ። የምግቡ ጣዕም ግማሹ እዚያ ስላለ አጥቦ መድፋት ያሳዝናል።

ይህ ሁሉ ወደ ማሽኑ ይገባል። ላዩ ላይ 1 ኩባያ ካቻፕ፣ 1 ኩባያ የቲማቲም ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዎርሰስተርሺር ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ። ሌላ ውሃ አይጨመርም። በምድጃ ለሚሠራ ስሎፒ ጆ የተጻፈ መመሪያ ውሃ ቢያዝም ለዚህ አይሆንም፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ተጠራቅሞ ጠብ ጠብ እያለ ተመልሶ ይወርዳል እንጂ አይተንም። 2 የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳሩን ለመጨረሻው አንድ ሰዓት ያቆዩት። የብዙዎቹ ማሽኖች ማሞቂያ ሽቦ በድስቱ ጎን ስለሚዞር ስኳር የበዛበት ሶስ መጀመሪያ የሚያርረው ጠርዙ ላይ ነው። ጥቁር ቀለበት ሠርቶ ከታየ ፍቆ ማማሰል ምሬቱን በሙሉ ድስቱ ያዳርሳል፤ እንዳለ ትቶ መሃሉን መጭለፍ ይሻላል።

በሎው (በዝቅተኛው ማብሰያ) ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ በሃይ (በከፍተኛው) ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ይበቃዋል። በብዙ ማሽኖች ሎውና ሃይ በመጨረሻ የሚደርሱበት ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያዩት በመድረሻ ፍጥነታቸው ነው። ሥጋው ቀድሞ ስለበሰለ ከ6 ሰዓት በላይ ሲቆይ ቅርጹ ጠፍቶ እንደ ገንፎ ይሆናል። ክዳኑን በከፈቱ ቁጥር ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚያህል ሙቀት ይጠፋል፤ ስለዚህ መሃል ላይ አንድ ጊዜ ማማሰል በቂ ነው።

ለመቅረብ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ አድርገው ትንሽ ይጠብቁ። ቀይ ውሃ ዙሪያውን ከወጣ ገና ነው። ክዳኑን ከፍተው በሃይ 30 ደቂቃ ይተዉት። ጊዜ ከሌለ 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በ2 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ያፍስሱበትና 15 ደቂቃ ይቆይ። ስታርቹ ሶሱን ቢያወፍርም ያንጸባርቀዋል፣ ጣዕሙንም ትንሽ ያደበዝዘዋል፤ ክዳን ከፍቶ ማትነን ይበልጣል።

ስለ ማሽኑ ምርጫ፦ ለዚህ መጠን 3.5 ወይም 4 ሊትር ልክ ነው። ትልቅ ድስት ያለው ሁሉን ይችላል የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም፤ ባለ 6 ሊትሩ ውስጥ 1 ኪሎ ሥጋ ከታች ተነጥፎ ጠርዙ ቶሎ ያርራል። ያለዎት እሱ ከሆነ መጠኑን እጥፍ ያድርጉ። ድስቱ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ነው በወጉ የሚሠራው። ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው ምድጃ ላይ የሚጣድ የብረት ድስት ላለው ነው፤ ሥጋው እዚያው ተጠብሶ እዚያው ስለሚበስል ከመጥበሻ ወደ ማሽን የሚባክን ነገር የለም። የሴራሚኩ ድስት ምድጃ ላይ ከተጣደ ይሰነጠቃል። ሰዓቱ ሲያልቅ በራሱ ወደ ዋርም (ትኩስ ማቆያ) የሚዞር ሞዴልም ጠቃሚ ነው፣ እንግዳ ሲዘገይ በተለይ። ዘግይቶ እንዲጀምር የሚያዘውን ሰዓት ግን ለዚህ ምግብ አይጠቀሙበት፤ ሥጋ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። በዋርም ላይ ሲቆይም ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ እንዳይወርድ በቴርሞሜትር ማየት ይገባል።

ዳቦው ከውስጥ በኩል ቅቤ ተቀብቶ መጥበሻ ላይ ቀላ ይበል፤ ካልተጠበሰ ሶሱን መጥጦ እጅ ላይ ይፈርሳል።

የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ተገልብጦ ፍሪጅ ይገባል፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሲሞቅ በምድጃ እንጂ በስሎው ኩከር አይሁን፣ እሱ ቀዝቃዛ ምግብ ለማሞቅ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። የሴራሚክ ድስቱን ደግሞ ትኩስ እንዳለ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱበት። ሲቀዘቅዝ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ተዘፍዝፎ ይደር፤ ጠርዙ ላይ ያረረው ስኳር ጠዋት በስፖንጅ ብቻ ይለቃል።